የማይለቅ

ጥጥ መሰለኝ መጀመሪያ፣
ከቁልቋሉ ክንድ መጋጠሚያ።
ሃያ ሦስት ዓመት በፈትል ክፍል
ከቅንድቤ ሳራግፍ፣ ከምሳዬ ስነጥል፣
ጡረታ ከወጣሁም ተከትሎኝ የመጣ፣
ከኮምቦልቻ ፋብሪካ በነፋስ ሾልኮ የወጣ።

እፍ አልኩት።
አልበረረም።

ጥጥ እንኳ እፍ ሲሉት ወግ ያውቃል፣ ይሄዳል፤
ይኼ ግን አፉን ተክሎ እንደ ዛፍ ሥር ይሰዳል።

ቁልቋሉ የይማም ነው፤ ከሐረጎ መንገድ ዳር ነቅሎ
ያመጣው በጃኬቱ እጅጌ ጠቅልሎ፣
የተከለው በዱቄት ወተት ጣሳ።
“ከሰው ሁሉ ለኔ እሾኽ?” ብዬ ስቄ ሳልረሳ፣
“ውኃ አይለምንሽም” አለኝ፣ “እንደኔ ነው፤ አያስቸግርም።”
(አስቸግሮኝ ያውቃል። እሱን ዛሬ አላነሣም።)

እሱ ቀለም ክፍል ነበር፣ እጁ ሁልጊዜ ሌላ፤
ሰኞ በሰማያዊ ጣት፣ ዓርብ በአረንጓዴ የሚበላ።
“ቀይ ውሸታም ነው” ይለኝ ነበር ጣቱን ሲፈትግ ማታ፣
“ሦስተኛ እጥበት ላይ ይለቃል፣ እንደ ወረት፣ እንደ ጨዋታ።”

ሰዓዳ፣ ጎረቤቴ፣ በመስኮት አየችና
“እሾኹ አንሶሽ” አለች፣ “ቅማል ማርባት ያዝሽና!
ወርውሪው ወደ ቦርከና!”

አልወረወርኩም።
ከመድኃኒት ቤት ሄድኩ፣ የመርፌ አልኮል ልገዛ።
“ማን ታመመ?” አለኝ ልጁ። “ቁልቋል” ማለት ቢከብደኝ
“ቤተሰብ” አልኩት፤ “አፊያ ያርግልሽ” ብሎ ሸኘኝ።

ጣሳውን ከእሬቱ ጎን አንስቼ ለብቻው አርቄ፣
የጀሚልን አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በአልኮል ነክሬ ጨምቄ፣
እጄን በእሾኹ መሃል እንደ ሌባ አሾለክሁ።
“እሾኽን በእሾኽ” ይላሉ፤ እሾኹማ ሞልቶ ነበር፤
ምን ያደርጋል፣ ጠላት ሲያድር ከእሾኹ ሥር?
ፍየል የሚሸሸው እሾኽ
ለዚች ኢምንት ጥላ ሆናት።

አንዷን በጥፍሬ ጨፈለቅኋት።

ጣቴ ቀላ።
የተወጋሁ መስሎኝ አገላበጥሁት፤
ቁስል የለም።
በሳሙና አጠብኩት፤ ቀይ።
በአልኮል ፈተግሁት፤ ቀይ።
ረቡዕ መሸ፣ ሐሙስ ነጋ፣ ጥፍሬ ሥር ያው ቀይ።
ይማም፣ ታያለህ ወይ?

ሠላሳ ዓመት በበርሜል ስታማስል የፈለግኸው
መጣ፤ ዘግይቶ፣ በነፋስ፤ ያደረው አንተ በተከልኸው።

ከዚያ ወዲያ የለቀምኳቸውን በጣሳ ክዳን ሰበሰብኩ፤
ስድስት ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ፣
ቁልቋሉን አጥቤ እነሱን ፀሐይ ላይ አደረቅሁ፤
ከወረኢሉ ባናህ ጠርዝ አንዲት የሱፍ ክር መዘዝኩ።
“ማስያዣ የሌለው ቀለም መንገደኛ ነው” ትል አልነበር?
ማስያዣውን ጨምሬ በትንሿ ድስት ቀቀልኩ።
ቤቱ ሸተተ። ሰዓዳ አፍንጫዋን ይዛ አለፈች።

ዳነ አልልም ቁልቋሉን።
አንድ ክንዱ ወድቋል፣ ሌላው ቢጫ ጠባሳ ነው፤
ግን ሰኔ ሲገባ ከጫፉ አውራ ጣት የሚያህል አዲስ አወጣ፣
እሾኹ ገና እንደ ጨቅላ ጸጉር የሳሳ።
ማለዳ ማለዳ በመነጽሬ እመረምረዋለሁ፤
ነጭ ነጥብ ባየሁ ቁጥር ብሩሼን አነሣለሁ፤
አንዳንዴ፣ አንዷን ብቻ፣ አውቄ አልፋታለሁ።

ክሯን ሦስቴ አጠብኳት።
ሰባቴ አጠብኳት።
ውኃው ሳህኑ ላይ እንደ ቀዳሁት ነጭ ነው።
እጄ ላይ አስሬያታለሁ፣
ስጽፍልህ ታየኛለች።

ይማም፣
አልለቀቀም።