ሶኬት ያለው ጠረጴዛ

ሰኔ እዚህ ብርድ ነው። ከወንዙ ላይ ነፋስ
እንደ ዕዳ ጠያቂ በሬን ሲደባብስ።
ወንዝ ይሉታል እንጂ ማዶው አይታይም፤
ሞንቴቪዴዮ ላይ ጃንጥላ አይከርምም።

ቤቴ ተቀምጬ መሥራት ነበር የሚያምረኝ፣
የላይኛው ፎቅ ጎረምሳ ቢምረኝ፤
ከበሮ ጀመረ።
ሁለት ዓመት መታ፣ አንድ ምት አልተማረ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ነው የምተረጉመው፤
«ክዳኑ ሳይዘጋ አያስነሡ»፤ እንጀራዬ ይኸው ነው።
ሃምቡርግ ያሉ አለቆቼ ፊቴን አያውቁትም፤
እኔም የእነሱን ማሽን በእጄ ነክቼው አላውቅም።

ስለዚህ ማዕዘኑ ላይ ያለው ካፌ፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ፤
አንድ እግሩ ቢያጥርም፣ ዙሪያው የሚወራው ኳስ አለው ለዛ።
ከሥሩ ሶኬት አለ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣
ሰክቼ በእግሬ ካልደገፍኩት ብልጭ ብሎ የሚያመልጥ።

አንድ ማኪያቶ አዝዤ አራት ሰዓት እቀመጣለሁ፤
ስኒው ባዶ ሲሆን፣ እንደ ሞላ ሁሉ፣ ከንፈሬን አስነካለሁ።
ቬኔራንዳ ጨርቋን ይዛ በአጠገቤ ስትዞር
የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አንገቴን ስሰብር፣
የጠራውን ጠረጴዛ ደግማ ትወለውላለች፤
የማትለኝን ሁሉ በጨርቁ ትናገራለች።

አንድ ማለዳ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣
በባለቤቱ በዶን አንሴልሞ እጅ፣ ጠመም ብሎ ተጽፎ፦
«ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኮምፒውተር መክፈት ክልክል ነው።
ምሳ የሚበላ ሰው ቆሟል።»
ዞር ብዬ አየሁ፤ የቆመው እኔ ብቻ ነኝ።
አኮረፍኩ።

ድሮ ሱፍ የሚከመርበት የወደብ ዳር መጋዘን
ዛሬ የጋራ ቢሮ ነው፤ ወንበር በወር የሚመዘን።
ሶኬቱ እንደ አሸን ነው፤ ኢንተርኔቱ አይቆራረጥም፤
ወንበሩ ወገብ ያውቃል፣ ሐኪሜ እንዲያ አያውቅም።
አርባ ሰው በአንድ አዳራሽ፣ አርባ የጆሮ ማዳመጫ፤
ሳል እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል ሲያጣ መውጫ።
ስልክ ማውሪያ ሣጥን አለ፣ ድምፅ የማያሳልፍ፤
ይሰድብ ወይ ይለምን እንደሁ አይለይም፣ ከንፈር ብቻ ሲንሳፈፍ።
(ያንን ሣጥን ለጎረምሳው ተመኘሁለት።)

ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ገጹ በእጥፍ ሄደ፤
ማታ ዳቦ ልገዛ ስል ግን ድምፄ ለመውጣት ከበደ።

አንድ ሐሙስ፣ ውኃ ልቀዳ ወደ ጓዳው ስገባ፣
ሰው አየሁ በደረሰኝ ተከቦ፣ ከትልቁ ተክል ጀርባ፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በአንድ ጣቱ የሚመታ፣
ሲሳሳት ያለ ድምፅ የሚሳደብ፣ ከንፈሩ ብቻ የሚፈታ።

ዶን አንሴልሞ!

ሌባ ከሌባ እንደተገጣጠመ ደነገጥን ሁለታችን፤
የሚሰማ ጆሮ ሳይኖር በሹክሹክታ ሆነ ወሬያችን።
«ካፌው ጫጫታ ነው» አለ፤ «የግብር ቅጽ አያስሞላም፤
ደግሞ ሰው አንዴ ከተቀመጠ አይነሣም…»
ያለው ለራሱ ገብቶት፣ የጆሮው ጫፍ ቀላ።
ሣቄን ዋጥኩ፤ እዚያ ቤት ሣቅ የሚያስከፍል መሰለኝ፣ ኪራይ ሌላ።

ቅጹን አየሁለት፤ ዐምዱ ተዛንፎ ነበር።
መመሪያ ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ቁጭ አልኩ። ስናርም፣ ስንቆጥር፣
ከክምሩ መሐል ወጣ ያ ሁሉ ቀኔ ተቆጥሮ፦
«ጠረጴዛ ሦስት። አንድ ማኪያቶ።»
«ጠረጴዛ ሦስት። አንድ ማኪያቶ።»
ዓመቱን ሙሉ ተደርድሮ።
እሱ ዝም። እኔ ዝም።
ደመርነው።

በማግስቱ በቀትር ሄድኩ። ወረቀቱ አሁንም አለ፤
የቢሮው ካርድ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እስከ ነሐሴ የተከፈለ።
ኮምፒውተሬን አልከፈትኩም። ሶኬቱ ግን አዲስ ነው፤
በእግሬ ልደግፈው ዘረጋሁ፤ ያለ እኔ ራሱን ቻለ።

ቬኔራንዳ መጣች። «ዙልማ፣ ምን ላምጣ?»
«ማኪያቶ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «ሾርባ» የሚል ቃል ወጣ።
ሾርባ አልወድም።
ጠረጴዛውን
አንዴ ብቻ ወለወለችው።