ወደ ውስጥ የዞረ ቤት

ቤት ባሕር ሲሻገር፣ ማን አይቷል በዓይኑ?
ትራይፊና አይታለች፤ ሐሙስ ነበር ቀኑ።

ስድስት ዓመቷ ነው። ደብዳቤ መጣና
«ደሴቷ ትዘጋ» አለ፤ «ሐኪም የለምና፣
መብራት የለምና፣ መንገድ አይገባም።»
ቤቶቹ ምን አሉ? ማንም አልሰማም።

በርሜል አሰሩለት ከወለሉ ሥር፤
ገመድ፣ ሦስት ጀልባ፣ የጎረቤት ክንድ፣ የሽማግሌ ምክር።
ውኃው ሲሞላ ቤቱ ብድግ አለ፤
ከወንበር እንደሚነሣ አዛውንት አቃስቶ ዋለለ።

እናቷ ድስቱን እንኳ ከእሳት አላወጣች፤
«ስንደርስ ይበስላል» ብላ ክዳን ጫነች።
መደርደሪያው ላይ ያለው ሰማያዊ በራድ
ባሕር ተሻገረ፣ ሳይሰበር፣ ሳይወርድ።

አሁን ስልሳን አልፋ፣ ኒውፋውንድላንድ ወደብ ዳር ባለች
ከጀልባ ባልሰፋች ክፍል፣ ቤት ትሠራለች፤
የብር፣ የመዳብ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰ፣
በቀጭን እግሮቹ ቆሞ ወደ ባሕር ያጎነበሰ።

እኔ ተቀጣሪ ነኝ። ብናኝ እጠርጋለሁ፤
የብሩን በጠርሙስ፣ የመዳቡን በጣሳ አስቀምጣለሁ፤
ሰው ቤቱን ሲያወራ ደግሞ አዳምጣለሁ።

አንዱ ምስማር ያመጣል፣ ከአያቱ ደጃፍ የነቀለው፤
አንዷ የመስኮት ስባሪ፣ ማዕበል እንደ ከረሜላ የመጠጠው።

አንዲት ወጣት መጣች፤ እናት አባቷ የተፋቱ።
«ለግራ ጆሮዬ የሱ ቤት፣ ለቀኙ የሷ» አለች፤ «ከነመስኮቱ።»
ትራይፊና መዘነች። አንዱ ትንሽ ከበደ።
የቱ እንደሆነ አልነገረቻትም፤
የልጅቷ አንገት ግን ወደዚያው ሄደ።

አገር ጎብኚ ደግሞ ይጠይቃል፦ «ቀይ የላችሁም? ቀይ ቤት?»
«ቀይማ የዓሣ መጋዘን ነበር» ትላለች፤ «ለሰው ነጭ ነው፤ ሥርዓት።»

በመከር ኦባዳያ መጣ።
ዝናብ ያራሰውን ኮፍያ በሁለት እጁ ጨምቆ
ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ዓይኑን ከዓይናችን ደብቆ።

«የኛም ተንሳፍፎ ነበር» አለ፤ «እስከ መሐል።
ገመዱ ነው? በርሜሉ? ዛሬም ያከራክራል።
አባቴ መጥረቢያ አነሣ፤ ጀልባውን እንዳይስብ ገመዱን ቆረጠ፤
ቤታችን ቀስ ብሎ፣
መጋረጃው እንደተዘጋ፣
ሰመጠ።

ሚስቴ ከጎኔ ነበረች፤ የወር ሙሽራ። አላለቀሰች፤
‹ቤት የሌላት ባለቤት ሆንኩልህ› ብላ ሣቀች።
ሐምሌ ላይ አረፈች።»

ትራይፊና ጠየቀችው፦ «ምን ይዘህልኝ መጣህ?
ምስማር? መስታወት? የበር እጀታ?»
መዳፉን ዘረጋ፤ ባዶ። ቆየና ከጣቱ ላይ፣ በግድ፣
ወፍራም ቀለበት አወለቀ፤ ምራቅ ቀብቶ፣ እየገፋ፣ በመከራ።
«ከዚያ ቤት የወጣ ይሄ ነው» አለ፤ «ይሄና እኔ።»

ሦስት ሳምንት ፈጀ። መብራቷ እስከ ሌሊት በራ።
ቀለበቱን በብር አወፍራ፣
ቤቱን ከውስጥ በኩል ሠራችው፣ ፊቱን ወደ ሥጋ አዙራ፤
ከውጭ ልሙጥ ነው፣ ምንም የለው፣ እንደ ተራ።

«ማን ያየዋል?» አልኳት፤ ያን ሁሉ ልፋት አዝኜ።
ከሞረዱ ቀና አላለችም።
«የሰመጠ ቤት ማን ያየዋል?» አለችኝ።
ዝም ብዬ ጠረግሁ፤ ያን ቀን ብናኙ በዛብኝ።

ሂሳቡን በደረቅ ዓሣ ከፈለ፤ ግማሹን። ሌላው ቀረ።
እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አልተናገረ።

በረዶው ሲቀልጥ ወደቡ ላይ አገኘሁት፤ ዓሣ አጽድቶ፣
ቀለበቱን ድንጋይ ላይ አኑሮ፣ እጁን ውኃ ነክቶ።
ጣቱን አየሁት፦
ጣራ። በር። ሁለት መስኮት። ከነጭስ መውጫው ታትሞ፣
ሽማግሌ ቆዳ ላይ ቆሞ።

ሁለታችንም አየን። ቆዳው ቀስ እያለ ሞላ፤
መጀመሪያ ጭስ መውጫው ጠፋ፣
ከዚያ መስኮቶቹ፤ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ወደ ኋላ፤
በሩ ብቻ ቆየ ትንሽ።

እጁን በሱሪው አደረቀ።
«መሸ፤ ልግባ» አለኝ፤
ጣቱንም ወደ ቀለበቱ ከተተ።