ሁለተኛው ባትሪ

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
የአዳማ ንፋስ ገና አቧራ ሳይሰበስብ፣
አንድ ፒካፕ ቆመ ደጄ።
ከዲናሞ ጋር ስታገል፣ ቅባት ለብሶ እጄ።
ሰውየው ወረደ፣ አለፈኝ በዓይኑ፣ ጋራዡን ቃኘና፣
«ባለሙያው የለም?» አለ፣ ኮፍያውን አቀና።
«አለች» አልኩት።
ትንሽ ዝም አለ። ሳቀ። እኔም ሳቅኩለት።

ስሙ ደገፋ ነው፤ ወፍጮ ይጠግናል፤
ከአርሲ እስከ ገዋኔ ድንጋይ ሲወቅር ይከርማል።
ሆቴል አያድርም። ከፒካፑ ጀርባ በቆርቆሮ ከልሎ፣
ቁመቱን የማትችል ክፍል ሠርቷል፣ ጉልበቴን አጥፌ ልተኛ ብሎ፦
ፍራሽ፣ አንድ አምፖል፣ ለፎጣ አንድ ምስማር፣
እንደ ፍየል በገመድ የታሰረች ከፍራሹ ዳር፣
አንዲት ትንሽ ፍሪጅ።

«ለቢራ ነው?» አልኩት።
ሸሚዙን ገለጠ። ከእምብርቱ በስተግራ
ቆዳው ተነቃቅሷል፣ የመርፌ አሻራ።
«ስኳር አለብኝ» አለ። «መድኃኒቱ ሙቀት ይጠላል፤
መተሐራን ሳልፍ ይዝላል፣ አዋሽ ላይ ይበላሻል።
አንድ ልጅ ሠርቶልኝ ነበር። ሌሊት ፍሪጇ ትበርዳለች፣
ንጋት ላይ መኪናዬ ጥርሷን ነክሳ ትተኛለች።
ገዋኔ ላይ ግመል ጠባቂዎች ገፍተውኛል፣ አምስት ሆነው፤
አንዱ እየሳቀ፣ ‹ይሄ ወፍጮ ነው ወይስ መኪና ነው?›»

ኮፈኑን ከፈትኩ። አየሁት።
የበር ደወል ሽቦ! እንደ ክር የሰለለ፣
ከዲናሞው እስከ ኋላ በፕላስተር የተንጠለጠለ።
ሜትሬን ጣል አደረግኩ፦ ፊት ለፊት አሥራ አራት ሞልቷል፤
ኋላ ሲደርስ አሥራ ሁለት፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ቀርቷል።
«የት ሄደ?» አለኝ። «ሽቦውን ንካው» አልኩት።
ነካ፤ እጁን ሳበ። «እዚህ ነው የቀረው፣ በሙቀት።»

አባቴ ይህን ሙያ ሲያስተምረኝ ውሃ ውሃ ይል ነበር፣
ቧንቧ፣ ጋን፣ ጉድጓድ፣ የሚፈስስ ነገር።
ለደገፋ ግን ውሃ ምን ያደርግለታል?
በወፍጮ ቋንቋ ነገርኩት፤ ቋንቋው ያ ነው፣ ይገባዋል፦
«ዲናሞው ደህና ይፈጫል፤ ቺንጋውም አልላላ፤
አንገቱ ጠበበ እንጂ፤ ቋቱ መች ሊሞላ?
ወፍራም ገመድ እዘረጋለሁ፣ እንደ አውራ ጣትህ፣
ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ፣ እሳት እንዳይገባ ቤትህ።
ለፍሪጇ የራሷ ባትሪ። መሃል ላይ ሪሌ፣ አንድ ዘበኛ፤
ሞተር ሲነሣ ይከፍታል፣ ሲጠፋ ይዘጋል እንደ ምቀኛ፣
የሌሊቱ ጉርሻ የጠዋቱን ጉልበት እንዳይበላ።
ደግሞ ስማ፦ ቆመህ አታጓራ፣ ናፍጣ ነው የሚያልቀው፤
ሲሄድ ነው የሚሞላው፤ መንገድ ነው የሚያበላው።»

ከሰዓት መብራት ሄደ። የሰፈሩ ብየዳ ሁሉ ዝም አለ።
ኮረብታው ላይ ግን የንፋሱ ማማ ይዞራል፣ ግድም አላለ።
በእጅ ባትሪ ቀጠልን።
እሱ ሲያበራ፣ እኔ ብሎን ሳጠብቅ፣
ብርሃኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀና ብዬ አየሁት፤
ምሳ አልፎታል። ግንባሩ ላይ ላብ።
ከጎረቤት ለስላሳ አስመጣሁ። ጠጣ። እጁ ረጋ።
ስለዚያ አልተነጋገርንም። የተነጋገርነው ስለ ሽቦ ዋጋ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ።
ደገፋ ነው። ሰላምታ የለ፣ እንደምን አመሸሽ የለ፤
«ስሚ» አለ ብቻ፣
ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስጠጋ።
መጀመሪያ ጅብ፣ ሩቅ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፦
ቀጭን፣ ያልተቋረጠ፣ እንደ ጠገበ ንብ።
«ጠዋትስ?» አልኩት።
«ጠዋት ገና ነው» አለና ዘጋ።

ተኛሁ ማለት አልችልም።
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ጠራ።
ቃል የለም። ሞተሩ ብቻ፣ በአንድ ምት ሲያጓራ።