የሄቲ ቅጽል

በዳርቢሸር፣ ከሰሉ አልቆ የጉድጓዱ አፍ በተደፈነበት፣
በጎች በሲሚንቶው ዙሪያ ሣር በሚነጩበት፣
ሮዋን የሚሉት ወጣት፣ ካርድና እርሳስ ይዞ፣
ቃል ሊለቅም መጣ፣ በጥር ብርድ ደንዝዞ።

ካርዱ አራት መስመር አለው፤
ቃሉ፣ ፍቺው፣ አገባቡ፣ ተቃራኒው።

ሄቲ ኦልሶፕ ከፈተችለት፤ ሰማንያ አራት ነው ዓመቷ፣
የወንድ ሻርፕ ባንገቷ ላይ፣ ሁለት ሹራብ በደረቷ።
«ኔሽ ነኝ» አለች፣ «ግባና ዝጋው፤ በሩ ነፋስ ያስገባል።»
ልጁ እርሳሱን መዘዘ፤ ቃል ደጃፍ ላይም ይገኛል።

ፍቺው ቀላል ነው፤ ኔሽ ማለት ብርድ የማይችል ሰው፣
ጓደኞቹ በሸሚዝ ሲሄዱ ካፖርት የሚያምረው።
እኔም ባማርኛ ስፈልገው «ብርዳም» ብዬ ጻፍኩና፣
ሰረዝኩት፤ ጎደለብኝ፤ ስድብነቱ ቀረና።
«ልፍስፍስ» አልኩ፤ በዛበት። «ቀበጥ» አልኩ፤ አልመሰለም።
ከሰል ቆፋሪ ሲለው ያለው ክብደት በውስጡ የለም።

«በዓረፍተ ነገር አግቢልኝ» አላት፣ ትምህርት ቤት እንዳለ ሁሉ።
«ክሌም ኔሽ ነበር» አለች። ነጥብ። ይኸው ነው ሙሉ።
ጻፈና ጠበቀ።
ሻዩ ቀዘቀዘ፤ የግድግዳው ሰዓት ቆጠረ፤ ዝምታው ዘለቀ።

«ባሌ ነው» ስትል ቀጠለች፣
«በግንቦት ሻርፕ ያስራል፤ መንደሯ ሙሉ ሳቀች።
ዋሻው ውስጥ ሙቀት ነው፤ ወንዱ ራቁቱን ይቆፍራል፣
ክሌም ግን ሹራቡን አያወልቅም፤ አንገቱ ላይ ይበርደዋል።
ስሙን ተዉትና፣ ‹ኔሽ መጣ! በር ዝጉ፣
ምድጃው ዳር ቦታ ልቀቁ፣ ካልሲም ፈልጉ!›
እኔስ?
እኔም ብዬዋለሁ፤ በሙሽርነታችን፣ ብርድ ልብሱን ሲስብ፣
ለፍቅር ነበር ያልኩት። እሱ የሰማው ግን ስድብ።

«አንድ ሐሙስ ሌሊት ነው።
ክሌም አካፋውን ጣለና አንገቱን ዳሰሰው።
‹ነፋሱ ዞሯል› አለ፤ ‹በዚያ በኩል አልነበረም የሚመጣው፤
ብርድ ገባኝ ከጀርባዬ፤ ጣሪያው ነው የተናጋው።›
ሳቁበት። ‹ኔሹ በረደው!› አሉ፤ ሌላ ምን ይሉታል?
ለሱ ሁሌም፣ ሰኔም ቢሆን፣ ይበርደዋል።
ሻርፑን ሁለቴ ጠምጥሞ ወጣ፤ ሁለት ልጆች ተከተሉት፣
አንዱ አምኖት፣ ሌላው ግን ለጨዋታ፣ ሊስቅበት።
አራቱ ቀሩ።
እስካሁንም እዚያው ናቸው፤ ከሲሚንቶው ሥር አደሩ።»

ልጁ እርሳሱን አላነሳም።
ካርዱ ጠባብ ነው፤ ይህን አይሸከምም።

«ሊጥም ኔሽ ይባላል» አለች፣ «ገና ሳይጋገር፤
ሣርም፣ ከበረዶ ሥር ሲበቅል፤ የጨቅላም እግር።
እናቴ እንዲያ ስትለው ነው በልጅነቴ የሰማሁት፣
ስድቡን ወንዶች ናቸው ከጉድጓድ ያወጡት።»

ያኔ ነው ባማርኛ የመጣልኝ፦ ለጋ፤
ለጋ ቅቤ፣ ለጋ ቅጠል፣
የሌሊቱ ብርድ ቀድሞ ያገኘው፣ ገና ሳይነጋ።
ግን ለጋ ስል ብርዱ ይቀራል፤ ብርዳም ስል ልስላሴው።
ኔሽ ብዬ እንዳለ ተውኩት፤ ይልመድ፣ እንግዳም ቢሆን ድምፁ ለሰሚው።

«ተቃራኒውስ?» አላት ሮዋን፤ የመጨረሻው መስመር ባዶ ነበር።
በመስኮቱ ወደ ሲሚንቶው አየች፣ በጎቹ ወደቆሙበት፣ ወደ ሣሩ ዳር።
«ድንጋይ» አለች።
«እሱ አይበርደውም።» ሻርፑን ጠበቅ አደረገች።

ሲወጣ፣ ከደጃፉ ቆማ፣ «ካፖርትህን ቆልፈው» አለችው።
እንዳልሰማ ሆኖ፣ ኮራ ብሎ መንገዱን ያዘው።
መታጠፊያው ጋ ሲደርስ፣ ማንም ሳያየው፣
እስከ ጉሮሮው ቆለፈው።