ባቄላ ጎዳና፣ ሁለተኛ ፎቅ

ታርቱ ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ የሾርባ ሰፈር አለ፤
አንዱ ጎዳና ድንች፣ አንዱ አተር ተባለ።
እኔ ባቄላ ላይ ነኝ፣ ፎቁ ላይ፣ ከጣውላ ቤት፤
ስድስት ኮምፒውተር አለኝ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ድመት።

ሰው ይጠይቀኛል፣ "የቱ ይሻላል?" እያለ፤
መልሴ አጭር ነው፦ የሚሠራው፣ ያልተቃጠለ።
አዲስ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቀጭን ነው ይሉኛል፤
ቀጭንማ መርፌም ነው፤ ኪሴን ይወጋኛል።

ማውስ ባለጅራት ነው እኔ የምወደው፤
ጅራት የሌለውን ድመቴም ናቀችው፤
ደግሞ ባትሪው የሚያልቀው ደብዳቤው መሀል ነው።

አፕዴት እንደ እንግዳ ነው፤ ይምጣ፣ ግድ የለም፤
ግን የመጣ እንግዳ ሶፋ አያዟዙርም።
ትናንት የነበረው ቁልፍ ዛሬ የት ገባ?
ማርሽ የነበረው ምልክት ሆነ አበባ!

ስለ ፕሪንተር አትጠይቁኝ።
ወረቀት ጎርሶ "ወረቀት የለም" የሚል ፍጡር ነው።

ጥቁር ስክሪን ለዓይን ይበጃል ለሚሉኝ፣
ታኅሣሥን እዚህ ይክረሙና ይንገሩኝ።
በዘጠኝ ሰዓት ሲጨልም በመስኮቴ፣
ሌላ ጨለማ ልጨምር እንዴ ለቤቴ?

ስልኬ ቃሌን ቀድሞ ሊጨርስ ይቸኩላል፤
አማቴም እንዲህ ነበረች፤ ሰው ስንት አማት ይችላል?

የእህቴ ልጅ ታርቮ፣ ፓስወርዱ የራሱ ስም ነው።
ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ብመክረው፣
"እኔን ማን ይሰርቀኛል?" አለና ሳቀ፤ ቀለለ፤
በሳምንቱ በስሙ ሌላ ሰው ጫማ ሲሸጥ ዋለ።
እናቱ ሁለት ጥንድ ገዝታለች። እስካሁን አልመጣም።

መስከረም ላይ ሄልጊ መጣች፣ የታች ጎረቤቴ፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ላፕቶፕ እንደ ዶሮ አቅፋ ቆመች ከፊቴ።
"ስማ ኡርማስ፣ አዲሱ ፕሮግራም ፋይልሽን አላውቅም አለኝ፤
እኔ አውቀዋለሁ! አንተ አሮጌውን ፈልግልኝ።"

ፋይሉ ሠንጠረዥ ነው፤ ዓምድ አለው፣ ረድፍ አለው፤
የሠላሳ ዓመት እንጉዳይ የተመዘገበው፦
የቱ ጫካ፣ የቱ ግንድ ሥር፣ ከየትኛው ዝናብ ማግስት።
እዚህ አገር ሰው ደሞዙን ይነግርሃል በግልጥ፤
የእንጉዳይ ቦታውን ግን ለእናቱም አይሰጥ።

"እንዳይጠፋ፣" አልኳት፣ "ደመና ላይ ላኑርልሽ።"
"ደመና?" አለችኝ፣ "ልጄ፣ የደመና ሥራው ምንድን ነው? መዝነብ።
ሚስጥሬ ዘንቦ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቅርጫት ይዞ ይሰብሰብ?"

መልስ አጣሁ። ሃያ ዓመት በዚህ ነገር ስከራከር፣
እንዲህ ባጭሩ የረታኝ ሰው አልነበር።

አሮጌዋን ማሽን ቀሰቀስኳት፣ አልጋ ሥር ከተኛችበት፤
አሳለች፣ ቆየች፣ ተነሣች፤ ሳትጠይቀኝ አካውንት።
ፋይሉ ተከፈተ።
"ዞር በል!" አለች ሄልጊ፤ ፊቴን ለመስኮቱ ሰጠሁ።
መስኮት መስታወት ነው፣ እኔም ሰው ነኝ፤ አንድ ረድፍ አየሁ።
ተገልብጦም ቢሆን ይነበባል፦ ቁጥር ዐርባ ሁለት፣
ከወፍጮው ማዶ፣ ሦስት ነጭ ግንዶች፣ በስተ ግራ፣ "የሞላበት"።

ቅዳሜ በብስክሌት ሄድኩ፤ ከቅርጫት ይልቅ ኮፍያ ይዤ፣
አየር ልቀበል የወጣሁ መስዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ፈዝዤ።
ወፍጮው አለ። ቆመዋል ሦስቱ ግንዶች።
በስተ ግራ አጥር፤ ባጥሩ ውስጥ ውሻ፤ ባፉ ውስጥ ጥርሶች።
እንጉዳይ? አንድም።

ማታ ስመለስ በሬ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤
ውስጡ ሁለት እፍኝ እንጉዳይ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፏል፦
"ለድካምህ። ዐርባ ሁለተኛውን ረድፍ የጻፍኩት
መስኮት ለሚወድ ሰው ነው።
ውሻው ሙሪ ይባላል፤ አይነክስም፤ ጩኸት ብቻ ነው።"

በቅቤ ጠበስኩት። ድመቷ አሽታ ተወችው።
ስለ ደኅንነት ሶፍትዌር ብዙ የምለው ነበረኝ፤
ዛሬ ግን አልናገረው።