ሰሌዳ የሌለበት ቦታ

ባሕረ ሰላጤው ራቀ፣ በመስታወቴ ጠበበ፤
የራስ አል ኬማ ጨው ሽታ፣ ከመስኮቴ ላይ ረገበ።
ኡም ፈረጅ ከኋላ ወንበር፣ ከዘራዋን አቅፋ ይዛ፣
“ሰሌዳ ባየህ ቁጥር ቁም” — የአዛዥ ድምፅ፣ ያለ ለዛ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ዳር ነው፤ ቡናማ ቆርቆሮ፣ ነጭ ጽሕፈት፤
በሰባራ ዐረብኛዬ አነበብኩላት፣ ስንት ስሕተት!
“ወራሪዎች እዚህ ግመል አጠጡ።”
ዓመቱን ነፋስ ፍቆታል።

ሁለተኛው ከግንብ ፍራሽ ሥር፤
ሦስተኛው ነዳጅ ማደያ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር፦
“የተነዳ ግመል ስልሳ፣ ጆንያ ቴምር አርባ” ይላል።
“ሰውስ?” አለችኝ።
ወጣሁ፣ ወረድኩ። ሰሌዳው ዝም ብሏል።

ሴት አያቷ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ከቴምሩ አጸድ ስትነጠቅ፣ ከእናቷ እጅ፣
በቀሚሷ ጫፍ የቋጠረችው ብቻ ነበር ስንቋ።
ከግመል ኮርቻ ታስራ፣
በላች፣ ፍሬውን ተፋች በተራ፣
ለሚከተላት ዱካ እንዲሆን።

የተከተለ የለም።

አርባ አንደኛው ኪሎሜትር እንዳለፈ “ቁም!” አለች።
ሰሌዳ የለ፣ ጉድጓድ የለ፤ አንዲት ዘንባባ ጎብጣለች።
“ይቺ የሷ ናት” አለች፣ ግንዱን በከዘራዋ ነክታ።
ወፍ ዘርቷት ይሆን? አልጠየቅኩም፤ መለስኩላት በዝምታ።

ስንመለስ ከቦርሳዋ አንድ ቴምር ሰጠችኝ።
በላሁ።
ፍሬውን መጣል ግን አቃተኝ፤
በጉንጬ ይዤው ነዳሁ፣ መብራቱን አልፌ፣ አደባባይ፣
እስከ ሠራተኞች ሰፈር በር።
ብተፋውስ — ማን ሊፈልገው፣ አስፋልት ላይ?