የሰኞ ጭነት

ኮምቦልቻ ጣቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
ሐዲዱ ተጋድሟል፣ ሣር እንደበቀለበት።
ባትሪ ይዤ እዞራለሁ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ፤
ላልመጣ ባቡር ዘብ መቆም ሆኗል ቀለቤ።
እንቅልፍ ሲያሸንፈኝ ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው፣
መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሐዲድ ያልነበረው፦

ሙሄ ይማም፣ ባለ ስልሳ በቅሎ፣ የሲራራ ጌታ፣
ከደሴ እስከ ባቲ ኬላ የሚከፈትለት ማታ።
አባቴ ሲያወራው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣
ግማሹን ለምስጋና፣ ግማሹን ለነገር።

ሙሄ አይጮህም፤ አለንጋም አልያዘም ይላሉ፤
ከአጋሰስ በፊት እንደማይበላ ይመሰክራሉ።
የተገጠበ ጀርባ ካየ ጭነቱን አውርዶ
ለወደላ ያደርግለታል ከኩታው ላይ ቀዶ።
ዳልቻን፣ ቦራን፣ ሐመርን፣ ዳማን በስም ይጣራል፤
ሰዎቹን ግን «አንተ ልጅ!» ይላል፤ ያልፋል።

ክረምት ነው። ሐረጎ ጭጋግ ለብሷል እስከ እግር።
ቦርከና ሞልቷል፤ ነጂዎቹ «ይደር» ብለው ነበር።
ሙሄ ግን፦ «ቃሌ ቀድሞኝ ባቲ ገብቷል፤
ለሰኞ ነው ያልኩት፤ ሰኞ ይጠብቀኛል።»

ገቡ።
ስልሳ ገብተው ሃምሳ ስምንት ወጡ።
ሁለት በቅሎና አንድ ልጅ ከደራሹ ጋር ቀለጡ።
ሰኞ ባቲ ደረሰ። ሚዛኑ አልተዛነፈ።
ቃሉን ጠበቀ፤ ወንዙም ድርሻውን አተረፈ።

ሲመለስ፣ ጢጣ ላይ፣ ከእናትየው ደጃፍ፣
ዳልቻን ከነአሞሌዋ አሰራት በጠፍር ጫፍ።
ዘሐራ ወጣች። አላለቀሰችም።
ጠፍሩን ፈታች፤ ጭነቱን ዞር ብላ አላየችም።
«ይኸን ውሰድ» አለች፤ «የልጄን ስም ጥራልኝ፣
እሱን ብቻ፣ አንዴ፣ ከአፍህ አሰማኝ።»

አፉን ከፈተ።
መልሶ ዘጋ።

ስልሳ በቅሎ በስም የሚያውቅ ያ ጌታ
ደጅ ላይ ቆመ፣ አሉ፣ ዝናብ ሲመታው እስከ ማታ።

ከዚያ ወዲያ፣ ጭነት ሳይነሣ፣ ጎህ ሲቀድ፣
ነጂዎቹን ይጠራል፣ በስም ከነአባት፣ አንድ ባንድ፤
መጨረሻ ላይ «እንድሪስ ወሌ» ይላል፤ ዝም ይባላል።
ከፊት ይሄድ የነበረው ከኋላ ይከተላል።

ደግ ነበር? ክፉ? አባቴ አልፈረደም፤ እኔም።
እንድሪስ የአያቴ አጎት ነው፤ ሌላ አልጨምርም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አለቃ መጣ በመኪና፤
መስታወቱን ዝቅ አርጎ «ዘበኞች ስንት ናችሁ?» አለና፣
«አራት» አልኩት፤ ስሜን ላስከትል ስል መስታወቱ ወጣ።
ቦርከና እዚህ ድረስ ይሰማል፤ ባቡሩ ግን አልመጣ።